ስም፣ ዘመንና ፊደል፤ በአማርኛ የጥናት ጽሑፍ አቀራረብ ላይ የቀረበ ሂስ

በአገራችን የሂስ ልማድ ልብ ወለዱ፣ ግጥሙና ተውኔቱ ይመረመራሉ፤ አልፎ አልፎም ሃያሲው ራሱ ይሄሳል። በየመጽሔቱ የመጨረሻ ገጽ ወይም በሽፋኑ ጀርባ የሚታተመውን «ለጽሑፍ አቅራቢዎች የተሰጠ መመሪያ» ግን ራሱን እንደቻለ ድርሰት ቆጥሮ የሚያነበው እምብዛም የለም። አንድ ገጽ፣ ቢበዛ ሁለት ገጽ ነው። የፊደሉ መጠን ይህን ያህል ይሁን፣ በመስመሮች መካከል ይህን ያህል ቦታ ይተው፣ አኅጽሮተ ጥናቱ ከዚህ ቃል አይብለጥ፣ ዋቢ ጽሑፎች በዚህ ስልት ይደርደሩ ይላል። አጥኚው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ በጥድፊያ ይመለከተዋል፤ አርታኢውም ጽሑፍ መመለስ ሲፈልግ ይጠቅሰዋል። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ይህች ገጽ ስለ ሰው ስም፣ ስለ ዘመን አቆጣጠርና ስለ ፊደል የራሷ አቋም አላት። አቋሟ ግን ከአማርኛ የተነሣ አይደለም። ስለዚህም ሂስ ይገባታል።

መመሪያዎቻችን በብዛት የሚጠቁሙት የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበርን ስልት ነው። ይህ ስልት መነሻው እ.ኤ.አ. በ1929 በአንድ የሥነ ልቦና መጽሔት የወጣ የሰባት ገጽ ጽሑፍ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሰባተኛ እትም ከአራት መቶ ገጽ በላይ ሆኗል። ስልቱ ለተፈጠረበት ሙያ ተስማሚ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪ አንድ ግኝት የዛሬ ሁለት ዓመት ነው ወይስ የዛሬ ሃያ ዓመት የሚለውን ወዲያው ማወቅ ስለሚፈልግ ዓመተ ምሕረቱ ከስሙ አጠገብ ይቀመጥለታል። ለሥነ ጽሑፍ አጥኚ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ የታተመ ሥራ ነው። ተማሪው በእጁ ያለውን የኋላ እትም ዓመት በቅንፍ ሲያስቀምጥ፣ ሥራውን የማያውቅ አንባቢ ልብ ወለዱ የቅርብ ጊዜ ድርሰት ይመስለዋል። የመጀመሪያው እትም ዘመንና ጥቅም ላይ የዋለው እትም ዘመን አብረው ይጻፉ የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር በመመሪያው ቢጨመር ይህ ሁሉ ይቃለል ነበር።

ይህ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ የስም ነገር ነው።

ከውጭ የተወሰደው ሥርዓት «የቤተሰብ ስም ይቅደም፣ የግል ስም በመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ ይመልከት» ይላል። በእኛ ልማድ የቤተሰብ ስም የለም። ያለው የሰውየው ስምና የአባቱ ስም ነው። የአባቱን ስም አስቀድሞ የራሱን በአንድ ፊደል ማሳጠር ማለት ደራሲውን ሰርዞ አባቱን በዋቢ መዝገብ ውስጥ ማስገባት ነው። ሥርዓቱን በብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ላይ እናውለው። ኮምፒዩተሩ የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚወስድ «ሥላሴ፣ ኅ.ወ.» ይሆናሉ። ወልደ ሥላሴ በሁለት ቃል የተጻፈ አንድ ስም መሆኑን የሚነግረው የለም። በአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ላይ ብናውለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ የታተመው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ደራሲ «ኢየሱስ» ሆኖ ይገኛል። ነገሩ ያስቃል፤ ነገር ግን በእንግሊዝኛ በተጻፉ የዋቢ ዝርዝሮች «ሥላሴ» በሚል የቤተሰብ ስም ሥር የተመዘገቡ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም።

የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ነገር ከዚህ የባሰ ነው። «የልቤ መጽሐፍ» የተሰኘው ሥራቸው «ገብሩ፣ ስ.» ተብሎ ሲመዘገብ ከአባታቸው ከከንቲባ ገብሩ ደስታ ስም ሥር ይገባል። አባትየውም የታወቁ የመንግሥት ሰውና የጽሑፍ ሰው ስለነበሩ፣ የሚፈለጉት አባት ናቸው ወይስ ልጅ የሚለው ጥያቄ በዋቢው ውስጥ መልስ አያገኝም። እ.ኤ.አ. በ1957 በምርጫ ፓርላማ የገቡት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት በአንዲት «ስ» ታጥፈው ይቀራሉ። ሴት ደራስያን በሥነ ጽሑፍ ታሪካችን ውስጥ አልታዩም እያልን ደጋግመን እንጽፋለን። አንዳንዶቹን የሰወርናቸው በዋቢ አደራደራችን መሆኑን ግን አላስተዋልንም።

የኢትዮጵያ ጥናት የራሱ የሆነ ልማድ ነበረው፤ አሁንም አለው። ኢትዮጵያዊ ደራሲ በራሱ ስም ይጠራል፣ በራሱ ስም ይደረደራል፣ የአባቱም ስም ሳይጠር ይከተላል። ሐምቡርግ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የወጣው ኢንሳይክሎፒዲያ ኢቲዮፒካ ኢትዮጵያውያንን የደረደረው በዚሁ ልማድ ነው፤ ባሕሩ ዘውዴን የሚፈልግ በ«ባ» እንጂ በ«ዘ» አይሄድም። ባዕዳን ምሁራን ለማክበር ያልቸገራቸውን ልማድ እኛው በአማርኛ ለምንጽፈው፣ በአማርኛ ለሚነበበው መጽሔት መተዋችን በምን ይተረጎማል? ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሚመስለው መመሪያው ሳይነበብ ከሌላ መጽሔት መገልበጡ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ማዕረግም አንድ ነገር ማለት ይቻላል። አንዳንዱ አጥኚ አክብሮት እንዳይጓደል በማለት «ዶ/ር»ን ከስሙ አስቀድሞ ዋቢውን በ«ዶ» ሥር ይደረድራል። አክብሮቱ መልካም ነው። ቦታው ግን ዋቢ ሳይሆን ግሱ ነው፤ «ሐዲስ እንዳሉት» ብሎ መጻፍ ይበቃል። አማርኛ አክብሮትን በግስ የሚገልጥ ቋንቋ ስለሆነ ማዕረጉን በየቅንፉ መሸከም አያስፈልገውም።

የዘመን አቆጣጠሩ ችግር ከስሙ ይልቅ የተደበቀ ነው፤ ምክንያቱም ስሕተቱ ለዓይን ትክክል ይመስላል። አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፍ ውስጥ «(ሐዲስ፣ 1958)» እና «(ፍራይ፣ 1957)» ጎን ለጎን ተቀምጠው እንበል። አንባቢው የኖርዝሮፕ ፍራይ «የሂስ ሥነ አካል» ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» በአንድ ዓመት የቀደመ ይመስለዋል። ፍራይ ያሳተመው እ.ኤ.አ. ነው፤ 1958 ዓ.ም. ደግሞ እ.ኤ.አ. 1965 እና 1966 ላይ ይውላል። በመካከላቸው ያለው ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት በቅንፉ ውስጥ ወደ አንድ ዓመት ተጨመቀ ማለት ነው። ስለ ተጽዕኖ የሚከራከር ሂስ በዚህ ላይ ቢቆም መሠረቱ ተናደ። ሁሉንም ወደ አንድ አቆጣጠር እንለውጥ የሚሉም አሉ። በመጽሐፉ የርእስ ገጽ ላይ ወሩ ካልተጻፈ ግን ለውጡ ግምት ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት ዓመት ነውና። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት መጽሐፉ በራሱ ላይ ያተመው ዘመን እንዳለ ይጻፍ፤ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» በሚል በእያንዳንዱ ቅንፍ ይገለጽ። ቦታ ይፈጃል የሚለው ክርክር አያሳምንም።

አሁን ወደ ፊደሉ እንለፍ። «ዋቢ ጽሑፎች በፊደል ተራ ይቀመጡ» የሚለው ትእዛዝ ግልጽ ይመስላል። በየትኛው የፊደል ተራ? አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ያዘጋጁትና በ1948 ዓ.ም. የታተመው የግዕዝ መዝገበ ቃላት በአበገደ ተራ ነው። የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» በ1962 ዓ.ም. ሲወጣ ያንኑ ተከትሏል። የከሣቴ ብርሃን ተሰማ ሀብተ ሚካኤል መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1951 ዓ.ም. የወጣው በሀለሐመ ተራ ነው። ሦስቱም የተከበሩ ሥራዎች ናቸው። ዛሬ የምንጠቀምበት ሀለሐመ መሆኑ የታወቀ ስለሆነ በዚህ መከራከር አያስፈልግም ይባል ይሆናል። እሺ፤ በሀለሐመ እንደርድር። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ስም በአንዱ ጽሑፍ «ሀዲስ»፣ በሌላው «ሐዲስ» ተብሎ ታትሞ ይገኛል። በ«ሀ» የተጻፈው ከዝርዝሩ አናት ላይ ይውላል፤ በ«ሐ» የተጻፈው የለማን፣ የሉሌን፣ የልዑልሰገድን ሁሉ አሳልፎ ይመጣል። ኅሩይን በሦስት ሀ ብንጽፋቸው ችግሩ ይበልጥ ይጎላል። «ህሩይ» አንደኛ፣ «ሕሩይ» ሦስተኛ ፊደል ላይ፣ «ኅሩይ» ደግሞ ከ«ቸ» በኋላ ከ«ነ» በፊት ይገኛሉ። ኮምፒዩተሩ በሰጡት ቅደም ተከተል ስለሚደረድር አንድ ሰው በአንድ ዋቢ ውስጥ ሦስት ሰው ይሆናል።

ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ ወይስ ይቆዩ የሚለው ክርክር የቆየ ነው፤ እዚህ የሚቋጭም አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሚዛን ወደ መቆየቱ ያዘነብላል፤ ይህ ግን ለተያዘው ጉዳይ አስፈላጊ አይደለም። ክርክሩ እስኪቋጭ ሳይጠበቅ ሁለት ነገር ማድረግ ይቻላል። የደራሲ ስምና የመጽሐፍ ርእስ ባለቤቱ በርእስ ገጹ ላይ እንዳተመው ይገልበጥ፤ አጥኚው በራሱ የአጻጻፍ ምርጫ ሊያርመው አይገባም። ለድርደራ ግን ሀ፣ ሐና ኀ እንደ አንድ፤ ሰና ሠ እንደ አንድ፤ አና ዐ እንደ አንድ፤ ጸና ፀ እንደ አንድ ይቆጠሩ። ይህን የሚል መመሪያ በእጁ የገባ አጥኚ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት»ን በ«አ» ፈልጎ አጥቶ የለም ብሎ አይመለስም። በኮምፒዩተር ፍለጋም ችግሩ ያው ነው፤ «አዲስ» ብሎ የሚፈልግ «ዐዲስ»ን ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ በቁልፍ ቃላት ክፍል ሁለቱንም አጻጻፍ መስጠት ብልህነት ነው።

የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ፓወር ግዕዝን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው ለፊደላቱ የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ነበር። በዚያ ዘመን የተተየበ የመመረቂያ ጽሑፍ ዛሬ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይታያል። ወደ ፒዲኤፍ ተለውጦ የተቀመጠው ለዓይን ይነበባል፤ የፍለጋ ፕሮግራም ግን አንዲት የአማርኛ ቃል አያገኝበትም። በዛሬው መመሪያ ውስጥ «ጽሑፉ በዩኒኮድ ይተየብ» የሚል ቃል ከሌለ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ይህን የመሰለው ነገር በትየባ ቤት ላለችው ልጅ መተው የለበትም፤ እሷ የምትጠየቀው ለፍጥነቷ ነው።

ይህ ሁሉ የቅርጽ ጉዳይ ነው፣ ቁም ነገሩ ይዘቱ ነው የሚሉ የሥራ ባልደረቦች አሉ። ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው፣ የዓለም አቀፍ የመረጃ ቋቶችን ሥርዓት ካልተከተልን አይመዘግቡንም፣ ካልተመዘገብን ደግሞ የትምህርት ሚኒስቴርን የመጽሔት ምዘና አናልፍም ይላሉ። የኋለኛው ስጋት እውነተኛ ስለሆነ ማቃለል አይገባም። በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ መምህር አንዱ ጽሑፉ በራሱ ስም፣ ሁለተኛው በአባቱ ስም፣ ሦስተኛው በአያቱ ስም ተመዝግቦ ቢገኝ፣ ለማዕረግ ዕድገት ሲያመለክት የሦስቱም ባለቤት እሱ መሆኑን ማስረዳት ይኖርበታል። ነገር ግን ይህ የሚያረጋግጠው ልማዳችንን መተው እንዳለብን ሳይሆን ልማዳችንን በግልጽ መጻፍ እንዳለብን ነው። የውጭ መረጃ ቋት የሚፈልገው ወጥነትን ነው። በእንግሊዝኛው አኅጽሮተ ጥናት ሥር የደራሲው ስም ሳይገለበጥ እንዲመዘገብ የምታሳስብ አንዲት መስመር ብትጨመር፣ መጽሔቱም ያንኑ በየቅጹ ቢያጸና በቂ ነው። መጠቃቀስን የተማርነውም ከውጭ ብቻ አይደለም። የአንድምታ መምህራን ከቅዱሳት መጻሕፍት ቃል አምጥተው «እንዲል» ብለው ሲቋጩ ምንጭ እየጠቀሱ ነው። ገጽ አይሰጡም፤ የሚሰማቸው ተማሪ መጽሐፉን በቃሉ ያውቀዋልና። የእኛ አንባቢ በቃሉ ስለማያውቀው ገጽ እንሰጠዋለን። ሥርዓቱ የሚወጣው ከአንባቢው ሁኔታ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

እስካሁን የተባለው በታተሙ መጻሕፍት ላይ ነው። ከሰው አፍ የተሰበሰበው ቃላዊ ሥነ ጽሑፍ ሲመጣ የመመሪያዎቻችን ጉድለት ይብሳል። ለምሳሌ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሚኖርባትን ለገጣፎን እንውሰድ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ካሉት ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር ቀድሞ በፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞን ሥር የነበረች፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ አብራቸው በአዲሱ ሸገር ከተማ የተካተተች ናት። ስሟ ከኦሮምኛ ነው፤ «ለገ» ወንዝ ማለት ነው፤ አጠገቧ ያለችውና አዲስ አበባ ውኃ የምታገኝባት ለገዳዲም እንዲሁ። በአማርኛ አንዱ «ለገጣፎ» ብሎ ይገጥመዋል፣ ሌላው «ለገ ጣፎ» ብሎ ይለየዋል። በላቲን ፊደል ሲሆን በእንግሊዝኛ የለመደው ሰው የ«ጣ»ን ድምፅ በ«ቲ» ይጽፋል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1984 ወዲህ በሥራ ላይ ያለው ቁቤ ግን ለ«ጠ» ድምፅ «ኤክስ» የሚባለውን ፊደል ስለሚጠቀም በዚያው ይጽፋል። ቁቤ የሚጠብቀውንና የሚረዝመውን ድምፅ በፊደል ድርብታ ያሳያል፤ የግዕዝ ፊደል መጥበቅን አያሳይም። «ቡራዩ»ን ወይም «ሰበታ»ን በሁለቱ የጻፈ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያያል። እንግዲህ ስለነዚህ ከተሞች በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ የተጻፉ ጥናቶች አንዱ የሌላውን መኖር ሳያውቅ ቢጻፍ ምን ይገርማል? አጥኚው የቦታውን ስም በመጀመሪያ ሲጠቅስ በአማርኛውም በቁቤውም እንዲጽፍ፣ ጥናቱ በተካሄደበት ጊዜ ቦታው በየትኛው አስተዳደር ሥር እንደነበረ እንዲገልጽ የሚጠይቅ መመሪያ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አላጋጠመውም።

ዋናው ጥያቄ ግን የግጥሙ ነው። አንድ አጥኚ በለገጣፎ አካባቢ ካሉ አዛውንት ጌረርሳ ሰብስቦ ጥናቱን በአማርኛ ይጽፋል እንበል። መጽሔቱ ጽሑፉ ከተወሰነ ገጽ እንዳይበልጥ ያዛል። አጥኚው ኦሮምኛውን፣ የአማርኛ ትርጉሙንና ትንታኔውን ሦስቱንም ለማስገባት ሲሞክር ገጹ ይሞላበታል። ከሦስቱ አንዱን መጣል ሲኖርበት የሚጥለው ዘወትር ኦሮምኛውን ነው፤ ምክንያቱም ያለ ትንታኔ ጥናት የለም፣ ያለ ትርጉም ደግሞ ገምጋሚው አያነበውም። ከዚያ በኋላ ስለ ግጥሙ ምት፣ ስለ ቤት አመታቱ፣ ስለ ድምፅ ድግግሞሹ የሚባለው ሁሉ አንባቢው በማያየው ነገር ላይ የሚሰጥ ምስክርነት ይሆናል። የአማርኛው ትርጉም ላይ የተሰጠ የዜማ ትንታኔ የተርጓሚውን ዜማ እንጂ የገጣሚውን አይመለከትም። ኤንሪኮ ቼሩሊ እ.ኤ.አ. በ1922 የኦሮሞን ቃላዊ ሥነ ጽሑፍ በአሜሪካ ሲያሳትም የኦሮምኛውን ግጥም ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር አቅርቧል። በአተረጓጎሙና በአስተያየቱ ብዙ ሊነቀፍ ይችላል፤ የሚነቀፈው ግን ዋናው ቃል ታትሞ ስላለ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ አንባቢ የእኛን ዘመን አጥኚ በምን ይነቅፈዋል?

የመረጃ አቀባዮችም ጉዳይ እንዲሁ ነው። የታተመ መጽሐፍ ደራሲ በዋቢው ውስጥ ሙሉ ስም፣ ዘመንና ቦታ ይሰጠዋል። ግጥሙን በቃሉ ይዞ የኖረውና ለአጥኚው የሰጠው ሰው ግን «ቃለ መጠይቅ፣ ለገጣፎ» ተብሎ ይታለፋል፣ ወይም «መ.አ. 4» በሚል ቁጥር ይተካል። ስም መሸሸግ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ሰውየው ራሱ ካልፈቀደ ወይም የተናገረው ነገር የሚያስጠይቀው ከሆነ መሸሸግ ግድ ነው። ነገር ግን ይህ ጥንቃቄ ከሕክምናና ከማኅበራዊ ጥናት የመጣ ነው። በዚያ ሰውየው ስለ ራሱ ሕይወት የሚጠየቅ ተጠኚ ነው። ጌረርሳ የሚያወርድ አዛውንት ግን የኪነት ባለቤት ነው፤ አንዳንዴም የግጥሙ ደራሲ ራሱ ነው። ፈቃዱ ተጠይቆ ከፈቀደ ስሙ እንደ ማንኛውም ደራሲ በዋቢው ውስጥ በፊደል ተራ መግባት አለበት፤ ግጥሙን የሰጠበት ቀንና ቦታም ይጻፍለት።

የገጽ ገደቡ የወጣው ወረቀትና ማተሚያ ቤት በሚወስኑበት ዘመን ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲዎቻችን መጽሔቶች ቅጾቻቸውን በኢንተርኔትም ያወጣሉ፤ የአባሪው ርዝመት በዚያ ላይ ወጪ አይጨምርም። ዋናው ቃል በተሰበሰበበት ቋንቋና በቋንቋው ፊደል በአባሪ ተያይዞ ይቅረብ፣ አባሪውም ከገጽ ገደቡ አይቆጠር የሚል አንድ አንቀጽ ለመጨመር የሚያስፈልገው የአርታኢ ቦርዱ አንድ ስብሰባ ብቻ ነው። በዚሁ ስብሰባ የስሙን፣ የዘመኑንና የሞክሼ ፊደላቱን ድርደራ መወሰን ይቻላል። ይህ መጽሔትም በሽፋኑ ጀርባ የሚያትመው መመሪያ አለው፤ ንባቡ ከዚያ ቢጀመር ይመረጣል።